ከቁርስ በፊት የሚታይ መደርደሪያ

ሐሙስ፣ ጥር 25 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ቤዛ የምትባል የሁለት ዓመት ከስምንት ወር ልጅ ላሊበላ ከተማ ውስጥ በምትውልበት ቤት በረኪና ጠጣች። ያንን ቤት ከዘጠኝ ቀን በፊት መርምሬ «ለሕፃናት ማቆያ ብቁ ነው» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ልጅቷ ድናለች። አንባቢ እስከ መጨረሻው እንዳይሳቀቅ አስቀድሜ ልናገር። ነገሩ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔም ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ወሬ ነው። መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሰዎች በሥራ ዘመኔ ምን እንደከበደኝ ሲጠይቁኝ የወባውን ወይም የተቅማጡን ጊዜ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። እኔ የምነግራቸው ስለ አንድ መደርደሪያ ነው።

ስሜ አበጀ ነው። ሙያዬ የአካባቢ ጤና ነው፤ ቢሮ ውስጥ ሳኒታሪያን ይሉናል፤ ገበሬው ግን ዙሪያ ጥምጥም አይወድምና «የሽንት ቤቱ ሰውዬ» ነበር የሚለኝ። እውነቱን ነው። መጀመሪያ የተመደብኩት ሙጃ ነበር፤ እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ከሽንት ቤት ጉድጓድ ሌላ ያስቆፈርኩት ነገር አልነበረም። ስለ ደሞዙ አላወራም፤ ጡረታውም ከእሱ ላይ የሚሰላ ስለሆነ እሱንም አላወራም።

ሙጃ ብርዱ ከባድ፣ ሰዉ ጨዋታ አዋቂ ነው። እዚያ አንድ ገበሬ ነበር፤ ምክሬን ሰምቶ ጣራና በር ያለው፣ በሩም ቁልፍ ያለው ሽንት ቤት ሠራ። በቀበሌው እንዲህ ያለ አልታየም። በሩን ከውጭ አይቼ፣ ቁልፉን አድንቄ፣ በሪፖርቴ ላይ «በጥቅም ላይ የዋለ፣ አንድ» ብዬ ጻፍኩ። በወሩ የበላይ ተቆጣጣሪያችን ጋሽ ደሳለኝ ለጉብኝት መጡ። እሳቸው ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበሩ፤ ረጅም፣ ኮታቸውን በሐሩርም በብርድም የማያወልቁ ሰው። ገበሬውን ቁልፉን አስመጥተው በሩን ከፈቱት። ውስጡ እስከ ወገብ ድረስ ዘር ገብስ ነበር።

ገበሬው ምንም አላፈረም። ይሄን የመሰለ ደረቅ፣ አይጥ የማይገባበት ቤት ሠርቶ እንዴት እንዲያ ያለ ነገር እንደሚያደርግበት እኛኑ መልሶ ጠየቀን። ጋሽ ደሳለኝ ከገብሱ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ማስታወሻ ደብተሬን ተቀበሉኝና ገጹን ከላይ እስከ ታች በእስክሪብቶ ለሁለት ከፈሉት።

«በቀኝ ያየኸውን ጻፍ፤ በግራ የነገሩህን። ይህ ቤት በየትኛው ይገባል?»

«በግራ» አልኳቸው።

«ቁልፉን ግን በቀኝ ልትጽፈው ትችላለህ» አሉ። «እሱን አይተሃል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሬ ሁሉ ሁለት ዓምድ ነው። ገነተ ማርያም አካባቢ ምንጭ ሳስገነባ፣ ላሊበላ ተዛውሬ የሆቴል ማድ ቤት ስቆጣጠር፣ መስመሯ አልተለየችኝም። ኃላፊዎች ተለዋወጡ። አንዱ ሪፖርት በቁመት የሚለካ የሚመስለው ነበር፤ ሌላው ከአንድ ገጽ በላይ የሆነ ነገር አያነብም ነበር። ሁለቱንም በዚያችው መስመር አስተናገድኳቸው።

ጋሽ ደሳለኝ ሌሎች ልማዶችም ነበሯቸው። ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በኋላ መሬት ላይ ይተኛሉ። በእውነት ይተኛሉ፤ ከነኮታቸው በሆዳቸው። «ሳጥኑ ስር ያለውን ቆሞ የሚያይ የለም» ይሉ ነበር። የቤቱ ሰዎች ደንግጠው ውሃ ሊረጯቸው የተነሱበት ቀን አለ። ሌላው ልማዳቸው የመጀመሪያውን ቤት አይተው እስኪጨርሱ ምግብ አለመቅመሳቸው ነው። ጾም ባይሆንም አይበሉም። እኔ ጨጓራ ነው ብዬ ሳስብ ኖርኩ። አንድ ጊዜ ጤናቸውን እንደሚጎዱ ብነግራቸው፣ ቤት ሲያዩ ባዶ ሆድ እንደሚሻላቸው ነገሩኝና ወሬውን ቀየሩት።

የሕፃናት ማቆያው ሥራ የመጣው እኔ ለጡረታ ስቃረብ፣ እሳቸው ጡረታ ከወጡ ዓመታት ካለፏቸው በኋላ ነው። የእንግዳ እግር ወደ ከተማችን ሲመለስ ሴቶቹ ወደ ሥራ ገቡ። ክፍል የሚያጸዱ አሉ፤ ማድ ቤት የሚሠሩ፣ ከቤተ ክርስቲያኖቹ መግቢያ ላይ ሻማና ነጠላ የሚሸጡም አሉ። ልጆቻቸውን የሚያውሏቸው ጎረቤት ቤት ነው። አንዲት ሴት የሦስት ልጆች ጎረቤት ሆና ጀምራ በዓመቱ ሰባት ስምንት ልጅ ይዛ ትገኛለች። ቢሮው እነዚህን ቤቶች መዝግቦ መርምር አለኝ፤ ከላይ የመጣ የሁለት ገጽ ቼክ ሊስትም ሰጠኝ።

ቼክ ሊስቱ ለትልቅ ከተማ የተጻፈ ነበር። ስለ አሳንሰር ደህንነት ይጠይቃል። በሁሉም ቤት ታማኝ ሆኜ «አሳንሰር የለም» እያልኩ ጻፍኩ። የእኛ የድሮ ቤት ግን ክብ፣ በቀይ ድንጋይ የተሠራ፣ ባለ ደርብ ነው፤ ደረጃው በውጭ በኩል ግድግዳውን ተከትሎ የሚወጣ፣ መደገፊያ የሌለው። ስለዚያ ደረጃ አንድም ጥያቄ አልነበረውም። ስለ ከሰል ማንደጃም አልጠየቀም።

ስለዚህ ጋሽ ደሳለኝን ለመንኳቸው፤ ለመጀመሪያዎቹ ቤቶች አብረውኝ ዞሩ። የወይራ ዘንጋቸው ላይ ሦስት ቦታ በካራ ምልክት አድርገው መጡ። የለኩት በልጅ ልጆቻቸው ነው። የታችኛው የምትድህ ልጅ እጅ የሚደርስበት፣ የመካከለኛው የሁለት ዓመት ልጅ ቆማ የምትደርስበት፣ የላይኛው የአራት ዓመት ልጅ በርጩማ ላይ ወጥታ። ዘንጉን ከግድግዳው ያስጠጋሉ፤ ከላይኛው ምልክት በታች ያለ መድኃኒት፣ ክብሪት፣ ቢላ ሁሉ ይነሳል። ክርክር የለም። እኔም እንደዚያው ያለ ዘንግ አስቆረጥኩ፤ ከቼክ ሊስቱ ይልቅ በእሱ ብዙ ሠርቻለሁ።

የወይዘሮ ጥሩወርቅን ቤት ያየሁት ማክሰኞ፣ ጥር 16 ጠዋት ብቻዬን ነው። ጥሩወርቅ የቄስ ሚስት ናት፤ ከእኔ ዐሥር ዓመት ታንሳለች፤ ሰባት ልጆች ታውላለች። እናቷ እማሆይ ወለተ ማርያም አብረዋት ይኖራሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ልጆቹ ግን ከእሳቸው ጭን አይወርዱም። ቤቱ ያማረ ነበር። ደረጃው በባሕር ዛፍ ታጥሯል። ማንደጃው ከቤት ውጭ ወጥቷል። ልጆቹ እጃቸውን የሚታጠቡት በሰልፍ ነው። መሬት ላይ ተኝቼ ሳጥኑ ስር አየሁ፤ ከአንዲት ጫማና ከአንዲት ዶሮ በስተቀር ምንም የለም። ዘንጌን እያስጠጋሁ ስዞር ጥሩወርቅ ከበሩ ላይ ሆና፣ «ጋሼ፣ ይሄን ያህል የሚለኩት ቤቱን ሊገዙት ነው እንዴ?» አለችኝ።

ከግድግዳው ላይ፣ ከዘንጌ የላይኛው ምልክት ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ፣ መደርደሪያ አለ። የማርያም ሥዕል፣ ከሥሩ ስድስት የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ። ጥሩወርቅ ጠበል መሆኑን፣ ቄሱ ከነአኩቶ ለአብ ዋሻ ከሚንጠባጠበው እንዳመጡት ነገረችኝ። እጄን ዘርግቼ ነበር። ከዚያ ጠዋት ፍርፍር በልቼ መውጣቴ ትዝ አለኝ። ምግብ የቀመሰ ሰው ጠበል አይቀምስም፤ እኔ ደግሞ ክዳኑን ከፍቼ ማሽተቱም ነውር መሰለኝ። እጄን ሰበሰብኩና ጻፍኩ፦ «ጠበል፣ ስድስት ጠርሙስ፣ ከልጅ እጅ በላይ።» የጻፍኩት በቀኝ ነው።

ከስድስቱ አምስቱ ጠበል ነበሩ። ስድስተኛው ጥሩወርቅ እኔ ከመሄዴ በፊት በነበረው ቅዳሜ ከገበያ የገዛችው በረኪና ነው። እኛ ዘንድ በረኪና ከትልቅ ጄሪካን እየተቀዳ ይሸጣል፤ ገዢው ጠርሙሱን ይዞ ይሄዳል። እንድትገዛ ያዘዝኳት እኔ ነኝ፤ የልጆቹ ፖፖ በበረኪና ይታጠብ ብዬ በሥልጠናው ላይ አስተምሬያለሁ። ከልጆች የሚርቅበት ቦታ ያኑሩት ብዬም አስተምሬያለሁ። በዚያ ቤት ልጆች የማይደርሱበት ብቻ ሳይሆን ከነጭራሹ የማይነኩት አንድ ቦታ ነበር። እዚያ አኖረችው።

በዘጠነኛው ቀን ቤዛ ስታለቅስ አረፈደች። ግንባሯ ሞቅ ብሏል፤ ቁርሷንም አልበላችም። እማሆይ አሳዘነቻቸውና ተነስተው ከመደርደሪያው ጫፍ ያለውን ጠርሙስ አወረዱ፤ በሲኒ ቀድተው፣ አማትበው አጠጧት። አንድ ጉንጭ ያህል ወስዳ ጮኸች።

ቀጥሎ የሆነውን ከአራት ሰዎች ለየብቻ ጠይቄ አመሳክሬያለሁ። ጎረቤት ግቢውን ሞላው። ገሚሱ አስታውኪያት፣ ገሚሱ ወተት ጋቻት ይላል። ጥሩወርቅ አንዱንም አልሰማችም። የልጅቷን አፍ በንጹሕ ውሃ ደጋግማ አጠበች፣ ሻሿን ፈትታ በጀርባዋ አዘለቻት፣ ጠርሙሱን በብብቷ ይዛ ባጃጅ ላይ ወጣች። በሥልጠናው ላይ ያልኩት ይህንኑ ነበር፦ አታስታውኩ፣ የጠጣውን ዕቃ ይዛችሁ ኑ። ሐኪሙ ጠርሙሱን አሽትቶ ወዲያው ሥራውን ጀመረ።

እኔ ሆስፒታል ስደርስ አምስት ሰዓት ሊሆን ነበር። የቤዛ እናት መሠረት ከምታጸዳው ሆቴል ከነሽርጧ መጥታለች። የልጅቷ ከንፈርና ምላስ ተቃጥሏል፤ ጉሮሮዋ ደህና መሆኑ ገና አልታወቀም። መሠረት አየችኝና ተነሳች።

«ቤቱ ብቁ ነው ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን አይተው ነው?»

ደብተሬን አውጥቼ የጥር 16ን ገጽ አነበብኩላት። ሳጥኑን፣ ደረጃውን፣ ማንደጃውን አንብቤ «ጠበል፣ ስድስት ጠርሙስ» ላይ ስደርስ ቆምኩ። እሷም አልጮኸችም። «ይሄንን አላዩትም» አለችና ወደ ልጇ ተመለሰች። በሠላሳ ሦስት ዓመት ብዙ ተቆጣጣሪ ገምግሞኛል፤ እንደዚህ ባጭሩ የገመገመኝ የለም።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ጉሮሮዋ እንዳልተነካ ነገረን። ቤዛ እሑድ ወደ ቤቷ ገባች። የመጀመሪያ ምግቧ የቀዘቀዘ አጥሚት ነበር፤ ሁለተኛውን ጽዋ ራሷ ጠይቃለች።

የቢሮ ኃላፊዬ ወጣት፣ ቅን፣ ችኩል ሰው ነው። «በተንከባካቢዋ ቸልተኝነት» የሚል የሁለት መስመር ሪፖርት ጠብቆ ነበር፤ ቤቱ ተዘግቶ ነገሩ እንዲያልቅ። አንድ ገጽ ይዤለት ሄድኩ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር «መርማሪው ጠርሙሶቹን ሳይከፍት እንዳየ አድርጎ መዝግቧል» ይላል።

«ጋሽ አበጀ፣ ለጡረታ አምስት ወር ቀርቶዎት ምን ነካዎት?» አለኝ።

«ያልኩት የሆነውን ነው። ደብተሩ ይኸው።»

ደብተሩን አየ፤ ራሱን አከከ፤ ቤቱ እንደገና እስኪመረመር እንዲታሸግ፣ ለእኔም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠኝ ወሰነ። ተገቢ ነበር። ማስጠንቀቂያው ላይ ሁለት የፊደል ስሕተት ስላገኘሁ አርሜ ፈረምኩለት። እሱም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

በማግስቱ ጋሽ ደሳለኝ ዘንድ ሄድኩ። ጓሯቸው ነጭ ሽንኩርት ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። መኮትኮቻቸውን ሳያስቀምጡ ሰሙኝ።

«ቁርስ በልተህ ነበር?»

«በልቼ ነበር።»

«ምን?»

«ፍርፍር።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንድም ቀን አልነገርኩህም ለካ» አሉ።

ከዚያ ነገሩኝ። በወጣትነታቸው በአንድ የገጠር ቤት ከጠበል ጋር የተቀመጠ ነጭ ጋዝ አግኝተዋል። ያገኙት በአጋጣሚ ነው፤ የዚያን ቀን ዓርብ ስለነበር ሳይበሉ ወጥተው ጠበል ልቅመስ ብለው። ከዚያ ወዲህ የቤቱን ሁሉ ጠርሙስ ሳያፍሩ እንዲከፍቱ የመጀመሪያውን ቤት በባዶ ሆዳቸው ያዩታል። ምግብ ከቀመሱ በኋላ ጠበል ያለበት ቤት ሲያጋጥማቸው ለነገ ያሳድሩታል። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያቸው ስዞር ጠርሙስ ሲከፍቱ አይቻለሁ፤ በረከት ፈልገው ነበር የመሰለኝ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ያየህ መስሎኝ ነዋ» አሉ። «የእኔንም በግራ ጻፍልኝ።»

ቤቱ ተዘግቶ ሳለ ሰባቱ ልጆች ተበተኑ። አንዷ እናት ልጇን የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ስታውል ተይዛ ሥራዋን ልታጣ ነበር። መሠረት ከእነጭራሹ ቤቷ ቀረች። እኔ ግን ጥሩወርቅን ሳነጋግራት የነገረችኝ ሌላ ነው፤ ቤቱን ብከፍትላትም እሷ እንደማትከፍተው። እማሆይ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደርቡ አልወረዱም። ልጅ ሲያለቅስ በሩቅ ከሰሙ ጆሯቸውን ይይዛሉ። እናቷ እዚያ ተቀምጠው እሷ ከሥር የሰው ልጅ ልታጫውት አልቻለችም።

ዓርብ፣ የካቲት 10 ቀን ለሁለተኛው ምርመራ ከጋሽ ደሳለኝ ጋር ሄድን። የዓርብ ጾም ስለነበር ባዶ ሆዳችንን መሄዳችን ጀግንነት አልነበረውም። መደርደሪያውን ከማየቴ በፊት በድንጋዩ ደረጃ ወጥቼ እማሆይን ሰላም አልኳቸው። ጠርሙሶቹን የሚከፍትልኝ ሰው እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

«እኔ ዓይኔ አያይም፣ ልጄ።»

«አፍንጫዎትስ?»

«አፍንጫዬ ምን ይሆናል።»

«ታዲያ በዚያን ቀን?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነበር» አሉ። «ያን ሳምንት ሙሉ እንዲህ ነበር» ብለው አፍንጫቸውን ጨምቀው አሳዩኝ።

ይህን የጠየቃቸው ሰው እስከዚያች ሰዓት አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ። ሪፖርቴ ላይ ጨመርኩት። ክንዴን ይዘው ወረዱ። በርጩማ ላይ አስቀመጥናቸውና ጥሩወርቅ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አቀበለቻቸው። ይከፍታሉ፣ ያሸታሉ፣ ጠብታ በመዳፋቸው አድርገው ይቀምሳሉ፣ «ጠበል» ይላሉ፣ ይከድናሉ። እኔም ጋሽ ደሳለኝም ተከትለን ቀመስን። አምስቱም ጠበል። በረኪናው ከጓሮ በኩል፣ ከዘንጉ በላይ፣ ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ በጥሩወርቅ አንገት ላይ።

እኔ በጠርሙሶቹ ላይ ወረቀት እንለጥፍ አልኩ። እማሆይ ወረቀት ለማን እንደሚነበብ ጠየቁኝ። ከዚያ ከማቅ ኪሳቸው ጥቁር የማተብ ክር አወጡ። «የተጠመቀ ሰው ማተብ ያስራል። እነዚህም ይሰሩ» አሉ። ከእያንዳንዱ ጠርሙስ አንገት ላይ ክር ቋጠሩ፤ በጨለማም ቢሆን ጣት ያገኘዋል። ያልታሰረ ጠርሙስ እዚያ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም ተባለ። ጥሩወርቅ ሳቋን ልትይዝ አልቻለችም። «ጋሼ፣ ይሄ በቼክ ሊስቱ ላይ ከአሳንሰሩ በፊት ነው ከአሳንሰሩ በኋላ?» አለችኝ።

በኋላ የቼክ ሊስቱ ጀርባ ላይ በእጄ ጻፍኩት፤ ኃላፊዬም ማኅተም መታበት። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በባዶ ሆዴ ደግሜ ካየኋቸው ዐሥራ አንድ ቤቶች በዘጠኙ የጠበሉ ጠርሙሶች ማተብ አስረው አግኝቻቸዋለሁ። በአንደኛው ዘይት ከጠበል ጎን አገኘሁ። በሌላው ቤት ጠበል ጭራሽ አልነበረም፤ ባለቤቲቱ እንዳፈሩ ያስታውቁ ነበር።

ጥሩወርቅ ቤቷን የከፈተችው ሰኞ፣ የካቲት 13 ነው። መሠረት ልጇን እንደማትመልስ ለጎረቤት ተናግራ ነበር፤ ይህ በግራ ዓምድ ተጽፏል። እኔ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከግቢው በር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር። በአንድ ሰዓት ከአርባ ላይ አንድ ልጅ መጣ። ሁለት ሰዓት ሲሆን አራት ሆኑ። እማሆይ ከታች፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

በሁለት ሰዓት ከአሥር መሠረት ከነሽርጧ፣ ቤዛን አዝላ መጣች። እኔን አልፋ ገባች። መደርደሪያው ዘንድ ሄዳ የጠርሙሶቹን አንገት አንድ በአንድ በጣቷ ነካች። አምስት ነበሩ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ቤዛን ከእማሆይ ጭን አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ሄደች።